አድራሻ ከአንድ ቦታ ብቻ ሲሰጥ፦ የኮሌጃችንን የአይፒ አሰጣጥ ሥርዓት ያስያዝንበት ተሞክሮ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ተቋም ኔትወርክ እንዲያስተዳድሩ ኃላፊነት ለተጣለባቸው፣ በተለይም ሌሎች በየጊዜው እየቀጣጠሉ የዘረጉትን ኔትወርክ ለተረከቡ የሙያ ባልደረቦቼ ነው። የምሠራው በአንድ ኮሌጅ የአይሲቲ ክፍል ውስጥ ነው። ኔትወርኩን ስንረከብ የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ የተማሪዎች ቤተ ሙከራዎች፣ የቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ፣ የሠራተኛ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያዎችና የጥበቃ ካሜራዎች ሁሉ ባልተከፋፈለ አንድ ኔትወርክ ላይ፣ ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.254 ባለው የአይፒ አድራሻ (በኔትወርክ ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚለይበት ቁጥር) ክልል ውስጥ ተጨናንቀው ነበር። ገሚሱ መሣሪያ አድራሻው በእጅ የተሞላለት ሲሆን፣ ገሚሱ ደግሞ ከራውተሩ በራሱ ይቀበል ነበር፤ የትኛው አድራሻ የማን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ግን አልነበረም። የኢንተርኔት መስመሩ ምንም ሳይሆን፣ ከየቢሮው «ኔትወርክ የለም» የሚል ስልክ ሳይደወል የሚያልፍ የሥራ ቀን እምብዛም አይገኝም ነበር።

ችግሮቹን አንድ በአንድ ስንፈታ ሁሉም ወደ አንድ ምክንያት ሲያመሩ አየን። አድራሻ የሚሰጠው አካል ብዙ ነበር፤ የሰጠውን የሚመዘግብ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሥራችንን ሁሉ በአንድ መርሕ ላይ መሠረትነው፤ ይኸውም በኔትወርኩ ላይ ያለ ማንኛውም መሣሪያ፣ ቋሚ አድራሻ የሚያስፈልገው ሳይቀር፣ አድራሻውን ከአንድ ቦታ እንዲያገኝና ያ ቦታም የሰጠውን ሁሉ መዝግቦ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

አሠራሩን በሚገባ ሳያውቁ መፍትሔ መፈለግ ድካም ስለሚያበዛ፣ በመጀመሪያ ዲኤችሲፒ የሚባለው፣ ለመሣሪያዎች አድራሻ በራሱ የሚያድል ፕሮቶኮል (የመግባቢያ ደንብ) እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልግለጽ። ፕሮቶኮሉ በ1985 የወጣውን ቡትፒ የተባለ ቀዳሚ አሠራር መሠረት አድርጎ በ1993 የተደነገገ ሲሆን፣ ዛሬም ድረስ የምንመራበት የተሻሻለው ቅጂ የወጣው በመጋቢት 1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንድ ኮምፒውተር ሲነሣ አድራሻም ሆነ የሰርቨሩ ማንነት በእጁ ስለሌለ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» የሚል መልእክት በአካባቢው ላለው መሣሪያ ሁሉ ይበትናል፤ ይህ ዲስከቨር ይባላል። ሰርቨሩ አንድ አድራሻ ያቀርብለታል፤ ይህ ኦፈር ነው። ኮምፒውተሩ «ይህን እፈልጋለሁ» ብሎ በሪኩዌስት ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም በማረጋገጫ ያጸድቅለታል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ዩዲፒ በተባለው የመልእክት መላኪያ ደንብ ሲሆን፣ ሰርቨሩ በፖርት 67፣ ተቀባዩ በፖርት 68 ያዳምጣሉ (እነዚህ የመልእክት መግቢያ ቁጥሮች እንጂ የኬብል መሰኪያዎች አይደሉም)። ከአድራሻው ጋር የጌትዌዩ፣ ማለትም ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫው፣ አድራሻ፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉሙት የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ዝርዝርና አድራሻው የሚጸናበት ጊዜ፣ ማለትም ሊዙ፣ አብረው ይሰጣሉ።

በዚህ ሂደት ውስጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዲስከቨር ለሁሉም የሚበተን መልእክት በመሆኑ፣ እንዲመልስ የተፈቀደለትና ያልተፈቀደለት ሰርቨር እኩል ይሰሙታል፤ አብዛኛው ኮምፒውተር ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን ኦፈር ይቀበላል። ሁለተኛው፣ ተቀባዩ የሊዙ ግማሽ ጊዜ ሲያልፍ አድራሻውን ከሰጠው ሰርቨር በቀጥታ እንዲታደስለት ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ደግሞ 87.5 በመቶው ሲያልፍ ማንኛውንም ሰርቨር በብተና ይጠይቃል፤ ያም ካልተሳካ ሊዙ ሲያበቃ አድራሻውን ይለቃል። ከዚህ በታች የምተርካቸው ችግሮች በአብዛኛው የሚፈልቁት ከእነዚህ ሁለት ባሕርያት ነው።

ከሁሉ በፊት የገጠመን ያልታወቀ ሰርቨር ነበር። በአስተዳደር ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ጠዋት ጠዋት ሲከፈቱ ግማሾቹ የፋይናንስ ሰርቨሩን ማግኘት ያቅታቸው ነበር። ከእነርሱ በአንዱ ላይ የኔትወርክ ቅንብርን የሚያሳየውን የአይፒኮንፊግ ትዕዛዝ ሙሉ ዝርዝር ስናወጣ፣ አድራሻው 192.168.0.104፣ ጌትዌዩና የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ደግሞ ሁለቱም 192.168.0.1 ሆነው አገኘናቸው። የእኛ ክልል 192.168.1 በመሆኑ ይህ አድራሻ ከእኛ ሰርቨር የመጣ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለሙያ የሚያደርገው ኮምፒውተሩን ማስነሣት ወይም አድራሻውን በእጅ መሙላት ነው፤ ይህ ግን ምልክቱን ይሸፍነዋል እንጂ ምንጩን አያሳይም።

እኛ የተከተልነው መንገድ እንደሚከተለው ነው። ችግር ካለበት ኮምፒውተር ላይ 192.168.0.1ን ፒንግ ካደረግን (መልስ የሚጠይቅ መልእክት ከላክንለት) በኋላ አይፒን ከማክ አድራሻ ጋር የሚያዛምደውን የኤአርፒ ሰንጠረዥ በማውጣት የባዕዱን ሰርቨር ማክ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር፣ አገኘን። የማክ አድራሻ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች አምራቹን ስለሚያመለክቱ፣ የምንፈልገው መሣሪያ ለቤት የሚሸጥ የዋይፋይ ራውተር መሆኑን ከወዲሁ ለመገመት ቻልን። ከዚያ ወደ ዋናው ስዊች (ኬብሎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው መሣሪያ) ገብተን ያንን ማክ አድራሻ በሰንጠረዡ ውስጥ ስንፈልገው ወደ ሁለተኛው ፎቅ ስዊች በሚወስደው ፖርት በኩል እንደሚመጣ አሳየን፤ በሁለተኛው ፎቅ ስዊች ላይ ስንደግመው ደግሞ የፖርቱን ቁጥር አገኘን። ያንን ፖርት በፓች ፓነሉ (የየክፍሉ ኬብሎች በሚሰበሰቡበት ሰሌዳ) ላይ ከተጻፈው የክፍል ቁጥር ጋር አመሳክረን ወደ ቢሮው ስንሄድ፣ ከጠረጴዛ በታች የተቀመጠ አነስተኛ ራውተር አገኘን። የግድግዳው ኬብል የተሰካው ለኢንተርኔት በተዘጋጀው የዋን ፖርት ላይ ሳይሆን ከአራቱ የላን ፖርቶች በአንዱ ላይ ስለነበር፣ ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው ለቢሮው ስልኮች ብቻ ሳይሆን ለፎቁ ሁሉ ነበር።

የቢሮው ባልደረቦች ራውተሩን የገዙት በእነርሱ ክፍል የዋይፋይ ሲግናል ስላልነበረ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ነቅሎ መውሰድ ብቻ ፍትሐዊም ዘላቂም አይሆንም ነበር። ሌላ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) እስክናቀርብላቸው ድረስ ዲኤችሲፒውን አጥፍተን፣ ለራሱም ከእኛ ክልል አድራሻ ሰጥተን፣ በአክሰስ ፖይንትነት ብቻ እንዲያገለግል አደረግነው። ሰው ወደ እንዲህ ያለ አማራጭ የሚሄደው የሚያስፈልገውን አገልግሎት ሲያጣ መሆኑን መቀበል፣ ችግሩ እንዳይደገም ከማንኛውም የክልከላ ደብዳቤ የበለጠ እንደሚረዳ አምናለሁ።

ዘላቂውን መከላከያ ያገኘነው ግን በስዊቾቹ ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የተባለውን ጥበቃ በማብራት ነው። ይህ ጥበቃ ከሰርቨር የሚመጡ መልእክቶች፣ ማለትም ኦፈርና ማረጋገጫ፣ የታመነ ተብሎ ከተሰየመ ፖርት ካልመጡ በስተቀር እንዲጣሉ ያደርጋል። የታመኑ ተብለው መሰየም ያለባቸው ወደ ሰርቨሩና ወደ ሌላ ስዊች የሚወስዱ ፖርቶች ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ፦ አንዳንድ ስዊቾች ስኑፒንግ ሲበራ በጥያቄው ላይ አማራጭ 82 የሚባለውን የመነሻ መረጃ ይጨምራሉ፤ አንዳንድ ሰርቨሮችና ራውተሮች ደግሞ ይህ መረጃ ያለበትን፣ ግን በሪሌይ (ጥያቄን ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላ በሚያስተላልፍ መሣሪያ) በኩል ያልመጣን ጥያቄ አይቀበሉም። ጥበቃውን እንዳበሩ ማንም አድራሻ ማግኘት ካልቻለ በመጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው፤ በስዊቹ ላይ የመረጃ ጭማሪውን ማጥፋት በአብዛኛው ይፈታዋል። ስኑፒንግ የማይችሉ ርካሽ ስዊቾች ባሉበት ቦታ ደግሞ ዋየርሻርክ በተባለው የኔትወርክ መመርመሪያ ፕሮግራም የፖርት 67ንና የፖርት 68ን ትራፊክ በየጊዜው መመልከት ይገባል፤ ለአንድ ዲስከቨር ከሁለት የተለያዩ ምንጮች ኦፈር ከመጣ ባዕድ ሰርቨር አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ችግር የአድራሻ ማለቅ ነበር። በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ ሲሞላ፣ ተማሪዎች ስልካቸው ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ ሳለ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» በሚለው ጽሑፍ ላይ ይቆምባቸው ነበር። በሰርቨሩ ላይ ስናይ ፑሉ፣ ማለትም የሚታደሉት አድራሻዎች ክምችት፣ ሙሉ በሙሉ ተይዟል፤ በአዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ግን ከአድራሻው ቁጥር እጅግ ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ሊዙ ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር መነሻ የሊዝ ጊዜ 8 ቀን ነው። ይህ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ለሚዘጋ፣ ዓመቱን ሙሉ ከቦታው ለማይነቃነቅ የቢሮ ኮምፒውተር ተስማሚ ነው፤ ሰኞ ለግማሽ ሰዓት ገብቶ ለወጣ ተማሪ ስልክ ግን አድራሻውን እስከሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ድረስ አስሮ ማቆየት ማለት ነው።

ይህን ያባባሰ ሌላ ነገርም አለ። ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 እና ከ2020ው አይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች የባለቤታቸውን ማንነት ለመጠበቅ ሲሉ በፋብሪካ የተሰጣቸውን ማክ አድራሻ ትተው ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ስም የፈጠሩትን አድራሻ ይጠቀማሉ። በየሕንፃው የተለያየ የዋይፋይ ስም ባለበት ግቢ፣ ሁሉም ስሞች ከአንድ ፑል የሚቀዱ ከሆነ፣ አንድ ስልክ በእያንዳንዱ ስም የተለየ መሣሪያ ሆኖ ስለሚታይ በአንድ ቀን ብዙ አድራሻ ሊይዝ ይችላል። እኛ በግቢው ሁሉ አንድ ስም ብቻ እንዲኖር በማድረግ ይህን ቀነስነው።

ከዚያም ኔትወርኩን በቪላን፣ ማለትም በአንድ ስዊች ላይ ተለያይተው በሚሠሩ ንዑሳን ኔትወርኮች፣ ከፋፈልነው። ክልሉን ወደ 10.20 ቀይረን፣ ሦስተኛው ቁጥር ከቪላኑ ቁጥር ጋር አንድ እንዲሆን አደረግን፤ ቢሮዎች በቪላን 10 ላይ 10.20.10፣ ቤተ ሙከራዎች በቪላን 20 ላይ 10.20.20፣ ፕሪንተሮችና የጣት አሻራ መቆጣጠሪያዎች በቪላን 30፣ ካሜራዎች በቪላን 40። አድራሻውን ብቻ አይቶ መሣሪያው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ማወቅ ብልሽት በሚፈለግበት ሰዓት የሚሰጠውን ጥቅም ያልሞከረው ሰው በቀላሉ አይገምተውም። ለዋይፋዩ 255.255.252.0 የሆነ ማስክ (የአድራሻ ክልሉን ስፋት የሚወስን ቁጥር) ሰጥተን ከ10.20.64.1 እስከ 10.20.67.254 ያለውን ክልል መደብንለት፤ ይህም 254 የነበረውን የአድራሻ ብዛት ወደ 1022 አሳደገው። የዋይፋዩን ሊዝም ወደ 2 ሰዓት አወረድነው። በአዳራሹ ያለ ስልክ በየሰዓቱ ያድሳል፤ የወጣው ደግሞ ቢበዛ በ2 ሰዓት ውስጥ አድራሻውን ይለቃል። የቢሮዎቹን ግን በ8 ቀን ተውነው።

ሊዝ ባጠረ ቁጥር ይሻላል የሚል ሐሳብ ከባልደረቦች ሲነሣ እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማበትም። ሊዙ 10 ደቂቃ ከሆነ ሰርቨሩ ለጥገና ለሩብ ሰዓት ሲጠፋ ግቢው ሁሉ አድራሻ ያጣል። ሊዙ 8 ቀን ለሆነ የቢሮ ኮምፒውተር ግን ሰርቨሩ ለሁለት ቀን ቢጠፋ እንኳ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። የሊዙ ርዝመት መወሰን ያለበት ሰዎች በቦታው በሚቆዩበት ጊዜና ሰርቨሩ ሲበላሽ መልሶ ለማስነሣት በሚፈጀው ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ሌላ ልምድ ለውጥ ከማድረግ በፊት ሊዙን ማሳጠር ነው። የዲኤንኤስ ሰርቨር ወይም የአድራሻ ክልል ሊቀየር ሲታቀድ፣ ሊዙን ከለውጡ ቀን ቢያንስ 8 ቀን ቀድሞ ወደ 1 ሰዓት ማውረድ፣ ሁሉም ኮምፒውተር አጭሩን ሊዝ ይዞ እንዲጠብቅ ያደርጋል። እኛ ከአሮጌው ክልል ወደ አዲሱ የተሸጋገርነው በሴሚስተር ዕረፍት ወቅት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ በየቢሮው እየዞርን ማስተካከል ያስፈለገን አድራሻቸው በእጅ የተሞሉትን ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ችግር መብራት ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ብዙም ስለማያነሡት ሰፋ አድርጌ ላብራራው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ፣ ስዊቹ፣ ራውተሩና ሰርቨሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ለአድራሻ አሰጣጥ የሚመች አይደለም። የሚተዳደር ስዊች ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ጥቂት ደቂቃ ይወስድበታል። ከተነሣም በኋላ ስፓኒንግ ትሪ የተባለው የዙሪት (መልእክት በስዊቾች መካከል ያለማቋረጥ የመዞር) መከላከያ እያንዳንዱን ፖርት በመነሻ አሠራሩ 15 ሰከንድ እያዳመጠና 15 ሰከንድ እየተማረ፣ በድምሩ 30 ሰከንድ ዘግቶ ያቆየዋል። ኮምፒውተሩ ዲስከቨሩን የሚልከው በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሆነ መልእክቱ የትም አይደርስም። መልስ ያጣ ዊንዶውስ ደግሞ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን አድራሻ ያየ ባለሙያ «ሰርቨሩ ተበላሽቷል» ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ እንደሚነግረው ማወቅ አለበት፤ እርሱም ኮምፒውተሩ ጠይቆ መልስ አለማግኘቱ ነው።

ኬብሉ በቀጥታ ከሚተዳደረው ስዊች ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ፖርቱ እንደገና ሲበራ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ነገር ግን በብዙ ቢሮዎቻችን የግድግዳው ሶኬት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በመካከል ስምንት ፖርት ያለው የማይተዳደር ትንሽ ስዊች ይቀመጣል። ይህ ትንሽ ስዊች ወዲያው ስለሚነሣ ኮምፒውተሩ መስመሩ ጤነኛ እንደሆነ አድርጎ ያየዋል፤ ዋናው ስዊች በኋላ ሲከፈት የሚያሳውቀው ምልክት አይደርሰውም። በሬጅስትራር ቢሮ መብራት በመጣ ቁጥር አንዲት እናት የሆኑ ባልደረባችን «ልጄ፣ እስቲ ና ነቅለህ ስካልኝ» እያሉ ይደውሉልኝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው በዋናው ስዊች ላይ ኮምፒውተር የሚሰካባቸውን ፖርቶች የኤጅ ፖርት፣ በሲስኮ አጠራር ፖርትፋስት፣ ማድረግና 30 ሰከንዱን ማስቀረት፣ እንዲሁም ስዊቾቹንና ሰርቨሩን በዩፒኤስ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዩፒኤስ ለመግዛት በጀቱ አንድ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከማንም ኮምፒውተር በፊት ለዋናው ስዊችና ለዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ይሁን እላለሁ። ኤጅ ፖርት የተደረገ ፖርት ላይ ሌላ ስዊች ተሰክቶ ዙሪት እንዳይፈጠርም ቢፒዲዩ ጋርድ የተባለውን መከላከያ አብሮ ማብራት ያስፈልጋል።

መብራት የሚያመጣው ሌላው ጉዳት የመዝገብ መጥፋት ነው። ርካሽ ራውተሮች የሰጧቸውን አድራሻዎች የሚይዙት በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታቸው ላይ በመሆኑ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ለማን ምን እንደሰጡ አያስታውሱም። በባትሪ ሳይጠፋ የቆየ ላፕቶፕ አሮጌውን አድራሻ ይዞ ሳለ ያንኑ አድራሻ ለሌላ ይሰጡታል፤ ግጭት ይፈጠራል። ሰርቨሮች አድራሻ ከመስጠታቸው በፊት ፒንግ አድርገው እንዲያረጋግጡ ማዘዝ ይቻላል፤ በዊንዶውስ ሰርቨር ይህ በመነሻው የጠፋ ስለሆነ እኛ አብርተነዋል። ሆኖም በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም። የዊንዶውስ ፋየርዎል ብዙ ጊዜ ፒንግን ስለሚከለክል፣ አድራሻው ተይዞ እያለ ሰርቨሩ ነፃ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። በዚህ ጊዜ ግጭቱን የሚያውቀው ተቀባዩ ኮምፒውተር ራሱ ነው፤ በኤአርፒ አጣርቶ አድራሻው ተይዞ ካገኘው አልቀበልም የሚል መልእክት ይመልሳል፤ በዊንዶውስ ሰርቨር ዝርዝር ላይም «ባድ አድረስ» ተብሎ ይመዘገባል። በእኛ ሰርቨር ላይ እነዚህ ምዝገባዎች ሲበዙ ስንከታተል፣ ሁሌም ያገኘነው በፑሉ ውስጥ ያለ አድራሻ በእጅ የተሞላለት መሣሪያ ነው።

ይህም ወደ ቋሚ አድራሻ ጉዳይ ይወስደኛል። ፕሪንተር፣ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያና ካሜራ አድራሻቸው እንዲቀያየር አይፈለግም። የተለመደው አሠራር በመሣሪያው ስክሪን ላይ ገብቶ አድራሻ መሙላት ነው፤ እኔ ግን ይህን አሠራር በተቻለ መጠን እንድትተዉት እመክራለሁ። በዚህ ፈንታ በሰርቨሩ ላይ ሪዘርቬሽን በመፍጠር፣ የመሣሪያውን ማክ አድራሻ ከአንድ አይፒ ጋር ማስተሳሰር ይሻላል። መሣሪያው ሁልጊዜ ያንኑ አድራሻ ያገኛል፤ መዝገቡም በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ጌትዌይ ወይም ዲኤንኤስ ሲቀየር ወደ መሣሪያው መሄድ አያስፈልግም። ሪዘርቬሽን ሲፈጠር በመግለጫው ቦታ ላይ የክፍሉን ቁጥር፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የተመዘገበበትን ቀን መጻፍ ግዴታ አድርገናል። ማዘርቦርድ ወይም የኔትወርክ ካርድ ሲቀየር ማክ አድራሻው አብሮ ስለሚቀየር፣ የጥገና ባልደረቦች ይህን ለአይሲቲ ክፍሉ እንዲያሳውቁ በጥገና ቅጹ ላይ አንድ መስመር አስጨምረናል። በእጅ የሚሞሉት ራውተሮች፣ ስዊቾች፣ የዲኤንኤስ ሰርቨርና ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ራሱ ብቻ ናቸው፤ ለእነርሱም በእያንዳንዱ ቪላን ከ1 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች ከፑሉ ውጭ አድርገን አስቀርተናል።

በቤተ ሙከራ አካባቢ ለሚሠሩ አንድ የተለየ ገጠመኝ ልጨምር። የኔትወርክ ትምህርት ክፍሉ አንድ የኡቡንቱ ሰርቨር (የሊኑክስ ዓይነት) ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር፣ አዘጋጅቶ ለተማሪዎች ኮምፒውተሮች ሁሉ ሲያባዛው፣ ማሽኖቹ የተለያየ ማክ አድራሻ እያላቸው አንድ ዓይነት አይፒ ይቀበሉ ነበር። ምክንያቱ አዳዲሶቹ የኡቡንቱ ሰርቨር ቅጂዎች ራሳቸውን ለዲኤችሲፒ የሚያስተዋውቁት በማክ አድራሻቸው ሳይሆን ከማሽን መለያ ፋይላቸው በሚገኝ ቁጥር መሆኑና፣ ይህም ፋይል አብሮ መባዛቱ ነው። ከማባዛት በፊት የመለያ ፋይሉን ባዶ ማድረግ፣ ወይም በኔትፕላን (የኔትወርክ ቅንብር) ፋይሉ ውስጥ የዲኤችሲፒ መለያው ማክ አድራሻው እንዲሆን ማዘዝ ችግሩን ያስወግደዋል።

ኔትወርኩ በቪላን ከተከፋፈለ በኋላ ብተና ከቪላኑ ስለማያልፍ፣ አንድ ሰርቨር ለሁሉም እንዲያገለግል ሪሌይ ያስፈልጋል። የላየር 3 ስዊቹ (በቪላኖች መካከል የሚያስተላልፈው ስዊች) የእያንዳንዱን ቪላን ጥያቄ ተቀብሎ የራሱን የቪላን አድራሻ ይጽፍበትና ለሰርቨሩ ያስተላልፋል፤ ሰርቨሩም በተጻፈው አድራሻ አማካይነት ከየትኛው ፑል መስጠት እንዳለበት ይለያል። አንድ ሙሉ ሕንፃ 169.254 ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ቪላን ሲፈጠር የሪሌይ ትዕዛዙ ስላልተጻፈለት ወይም ከሰርቨሩ ወደ ቪላኑ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ ነው።

ሁሉም ነገር በአንድ ሰርቨር ላይ መንጠልጠሉ ስጋት መሆኑ አይካድም። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ሁለት ሰርቨሮች አንድን የሊዝ መዝገብ እየተጋሩ እንዲሠሩ የሚያደርግ ፌይልኦቨር የተባለ አገልግሎት አለ፤ መዝገቡ አንድ ስለሆነ ሁለቱ ማሽኖች እንደ አንድ አካል ይቆጠራሉ። ይህ ለማይገኝለት ኔትወርክ የቆየው ዘዴ የፑሉን 80 በመቶ ለአንዱ፣ 20 በመቶ ለሌላው ከፍሎ መስጠት ነው፤ ክልሎቹ እንዳይደራረቡ መጠንቀቅ ብቻ ይጠይቃል። በሊኑክስ ላይ ለሚሠሩ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተለመደው የአይኤስሲ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ጥገና በ2022 መጨረሻ መቆሙን አውቀው፣ አዲስ ሲተክሉ ተተኪው በሆነው ኪያ እንዲጀምሩ እመክራለሁ።

መዝገብን በተመለከተ፣ የዊንዶውስ ዲኤችሲፒ የየዕለቱን ክንውን በሳምንቱ ቀናት ስም በተሰየሙ ሰባት ፋይሎች ይጽፍና ሳምንቱ ሲዞር በላያቸው ላይ ይደግማል። የዛሬ ወር አንድ አድራሻ በማን እጅ እንደነበር ለማወቅ ከተፈለገ ፋይሎቹን በየቀኑ ወደ ሌላ ቦታ የሚገለብጥ ሥራ መታቀድ አለበት። በሊኑክስ ላይ የአይኤስሲ ሰርቨር የሊዝ ፋይል ደግሞ ሰዓቱን የሚጽፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል። አንድ ባልደረባ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተቋረጠብኝ» ቢሉ፣ በዊንዶውሱ መዝገብ የሚፈለገው 9 ሰዓት ላይ፣ በሊኑክሱ ፋይል ግን 6 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በአቤቱታ መቀበያ ቅጻችን ላይ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሞላ፣ ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ መሆኑም እንዲጠቀስ፣ ከጎኑም የአይሲቲ ባለሙያው የሰርቨሩን ሰዓት እንዲሞላ ቦታ አዘጋጅተናል፤ ሰርቨሮቹና ስዊቾቹም ሰዓታቸውን ከአንድ የኤንቲፒ (የሰዓት ማስተካከያ) ምንጭ ይቀበላሉ።